የአባቴ ቪትዝ ለምን ታፏጫለች?

የአባቴ መኪና ለአምስት ወር ያህል አፏጨች። የምሬን ነው። ሞተሩ ገና ሲነሳ ከአራቱም የበር ስፒከሮች «ዚይይይይ…» የሚል ቀጭን ድምፅ ይጀምራል። አባቴ ነዳጅ ሲሰጥ ድምፁ ይቀጥናል፣ እግሩን ሲያነሳ ይወፍራል። ከሰሚት ሜክሲኮ ድረስ በዚህ ድምፅ ታጅባችሁ ስትሄዱ ትንኝ ጆሯችሁ ውስጥ ቤት የሠራች ነው የሚመስላችሁ።

አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ቪትዟን የገዛው በስልክ አፕ ተሳፋሪ እየጫነ ቤቱን ሊደጉምባት ነው። ሬዲዮ ደግሞ ነፍሱ ናት። ጠዋት ዜና፣ ከሰዓት ስፖርት፣ ማታ ትረካ ካልሰማ ቀኑ የዋለ አይመስለውም። ፉጨቱ ከመጣ ወዲህ ግን ሬዲዮውን ቀነስ፣ ከዚያም ዘጋ ማድረግ ጀመረ። የሚያናድደው ነገር ድምፁን ዜሮ ላይ ቢያደርገውም ፉጨቱ ንቅንቅ አይልም። (ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትጠቅመናለች።) አንድ ቀን አንዲት ተሳፋሪ «ጋሼ፣ መኪናዋ ልትፈነዳ ነው እንዴ?» ብላ ስትጠይቀው ነገሩ አበቃለት። ማታ ቤት ገብቶ «ነገ አሳያታለሁ» አለ።

አሳያት። የመጀመሪያው ባለሙያ ሰማና «ዲናሞው ነው፣ ይቀየር» አለ። ሁለተኛው «ይሄ የቻይና ስክሪን ነው ጉዱ፣ ኦሪጅናል ላምጣልህ» አለው። ሦስተኛው «ፊልተር ላስገባልህ፣ ፀጥ ትላለች» ብሎ ማለ። ሦስት ሰው ጠይቀን ሦስት መልስ አገኘን። የሚገርመው፣ ሦስቱም የመለሱልን ራሳቸው የሚሸጡትን ዕቃ ነው። ለዲናሞው የተጠየቅነው ብር የአባቴን የሁለት ሳምንት ገቢ ይወስዳል።

በዚያው ወር የአባቴ ዕቁብ ወጥቶ ነበር። ብሩ የታሰበው ለታናሽ እህቴ የኮሌጅ ምዝገባ ነው። አባቴ ግን «መኪናዋ ካልሠራች ምዝገባውም የለም» ብሎ ለዲናሞው ሊከፍል ተነሳ።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ስለ መኪና የማውቀው በር መዝጋት ብቻ ነው፤ እሱንም «ቀስ በይ!» እየተባልኩ። ግን ከክፍል ይዤው የወጣሁት አንድ ነገር አለ፦ መረጃ ዋጋ አለው፣ ርካሹ መረጃ ደግሞ ቀድሞ ይገዛል። ብዙ ብር የሚያስወጣ ውሳኔ ከመወሰናችሁ በፊት ምንም የማያስወጣውን ሙከራ ጨርሱ ማለት ነው።

«አባዬ፣ አንድ እሑድ ስጠኝ» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ መቼ ነው መካኒክ የሆንሽው?»

«አልሆንኩም። በነፃ የሚሞከረውን ሁሉ እንሞክረው ነው የምልህ። ካልተገኘ ሰኞ ዲናሞውን ትቀይራለህ።»

ሰኞ ዲናሞ አልተቀየረም። ለምን እንዳልተቀየረ ልንገራችሁ፤ ምናልባት የእናንተም መኪና ታፏጭ ይሆናል።

መጀመሪያ ጆሮ

መኪና ውስጥ ከስፒከር የሚወጣ ረብሻ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ዓይነቱን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፣ ጆሮ ይበቃል። ያነበብኩትንም የሞከርኩትንም ላጠቃልልላችሁ።

ፉጨቱ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ምንጩ ባትሪ የሚሞላው ክፍል፣ ማለትም ዲናሞው አካባቢ ነው። ይህ ማለት ግን ዲናሞው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ልዩነቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

«ጣ ጣ ጣ» የሚልና ነዳጅ ስትሰጡ የሚፈጥን ከሆነ ካንዴላዎቹና የካንዴላ ገመዶቹ ይጠረጠራሉ። እዚያ ቤት በየቅጽበቱ የእሳት ብልጭታ አለ። ብልጭታ ደግሞ በራሱ ትንሽ የሬዲዮ ማሠራጫ ነው።

ሞተሩ ኖረ አልኖረ ሳይለወጥ «ሽሽሽ» የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የአምፕሊፋየሩ ጌይን ከልክ በላይ ተከፍቷል።

ፍሬን ስትይዙ ወይም ፍሬቻ ስታበሩ «ጧ» የሚል ከሆነ የሆነ ቦታ የሽቦ ግንኙነት ላልቷል።

ስልካችሁን ቻርጅ ላይ ስትሰኩ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጥፋተኛው እጃችሁ ላይ ነው። ቻርጀሩ ወይም የኦክስ ገመዱ ነው።

ስልክ ሊጠራ ሲል «ትርር ትርር ትር» የሚለውን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያ የስልኩ የራሱ ሞገድ ነው፣ በተለይ መስመሩ ቱጂ ላይ ሲሆን። ስልኩን ከቴፑና ከገመዶቹ አርቃችሁ አስቀምጡት፣ አለቀ።

የአባቴ መኪና የመጀመሪያው ዓይነት ናት፤ ከነዳጅ ጋር የምትዘፍን።

ዲናሞው፣ ማሳው እና ፉጨቱ

ዲናሞው ከሞተሩ ጋር በችንጋ ታስሮ ይሽከረከራል። የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ሄድ መለስ የሚል ነው፣ ኤሲ የሚባለው። መኪናዋ ግን የምትፈልገው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደውን ዲሲ ነው። ስለዚህ ዲናሞው ውስጥ ያሉ ዳዮዶች አቅጣጫውን ያስተካክሉታል። ቢያስተካክሉትም ፍጹም ለጥ ያለ አይሆንም፣ ጥቃቅን ሞገድ ይተርፈዋል። ሞተሩ ሲፈጥን ሞገዱም ይፈጥናል። ስፒከር ጋ ሲደርስ ያ ሞገድ «ዚይይይ» ይሆናል።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ይህ ሞገድ በየትኛውም መኪና ላይ አለ፣ ዛሬ ከፋብሪካ በወጣችውም ላይ። ደህና መኪና ላይ ወደ ስፒከሩ የሚገባበት በር የለውም፣ ለዚህ ነው የማንሰማው። ስለዚህ «ሞገድ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። «በየት በኩል ገባ?» ነው ጥያቄው።

በሩ በአብዛኛው ማሳ ነው። ማሳ ስል የገበሬውን አይደለም፣ ጋራዥ ቤት ያሉ ልጆች የኔጌቲቩን መመለሻ የሚጠሩበትን ነው። መኪና ላይ ኤሌክትሪክ ከባትሪው በሽቦ ይወጣና ሥራውን ሠርቶ የሚመለሰው በመኪናዋ ብረት በራሱ በኩል ነው። መብራቱም፣ ማራገቢያውም፣ ቴፑም፣ አምፑም መመለሻቸው ይኸው ብረት ነው።

የገበሬውም ማሳ ግን ምሳሌ ይሆነናል። ቦዩ ሲደፈን ውሃው አይቆምም፣ በሰው ማሳ ያልፋል። የቴፑ መመለሻ ሽቦ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ከታሰረ ወይም ከዛገ ወይም ከላላ ኤሌክትሪኩ አይቆምም፣ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ከቴፑ ወደ አምፑ የሚሄደው የድምፅ ገመድ ደግሞ የራሱ መመለሻ አለው። ኤሌክትሪኩ በዚያ ያልፋል፣ ሲያልፍ የዲናሞውን ሞገድ ይዞ ነው። አምፑ ሙዚቃውን ከፉጨቱ አይለይም፣ ሁለቱንም አጉልቶ ወደ ስፒከር ይልካል። ይህን ነው ባለሙያዎች ግራውንድ ሉፕ የሚሉት።

የጃፓን መኪና ያመጣው ጣጣ

ይህ ችግር ለእኛ ቅርብ የሆነበት አንድ ምክንያት አለ። እንደ ቪትዝ ያሉ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት ቴፕ በጃፓን የኤፍኤም መስመር የተሠራ ነው። የድሮዎቹ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው የሚይዙት። የኛ ጣቢያዎች ደግሞ ከዚያ በላይ ናቸው። ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1። መኪናዋ አዲስ አበባ ስትደርስ ሬዲዮዋ ደንቆሮ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ባለቤቱ ከሦስት አንዱን ያደርጋል። አንቴናው ላይ መስመር የምትቀይር ትንሽ ዕቃ ያስገጥማል፤ ለምሳሌ 20 ሜጋኸርዝ የምትቀንስ ከሆነ ሸገር 82.1 ላይ ይገኛል። ወይም ሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካ የኤፍኤም ማሠራጫ ይገዛና ከስልኩ ያጫውታል። ወይም ቴፑን አውጥቶ አንድሮይድ ስክሪን ያስገባል።

ሦስቱም ይሠራሉ። ነገር ግን ቴፑ ሲቀየር ወይም ዕቃ ሲጨመር ዳሽቦርዱ ኋላ ሽቦ ይቆረጣል፣ ይቋጠራል፣ በፕላስተር ይጠቀለላል። ያ ቋጠሮ በጥንቃቄ ከተሠራ ዕድሜ ልክ ይኖራል። በችኮላ ከተሠራ ግን አንድ ቀን ማፏጨት ይጀምራል።

የአባቴን መኪና የመጀመሪያው ባለቤት አንድሮይድ ስክሪን አስገብቶባት፣ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ደግሞ አራቱን ስፒከር የሚነዳ አምፕ አስቀምጦላት ነው የሸጠልን። ስንገዛት «ሳውንዷ አንደኛ ናት» ተብለን ነበር።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ቡናው እስኪፈላ ነበር የጀመርነው። ነጠላውን መጀመሪያ አስወለቅኩት። ሞተር እየሠራ ኮፈን ሥር ነጠላ፣ ሻሽ፣ ክራባት የሚባል ነገር አይደርስም፣ ችንጋው ይዞ ይጎትታል። መኪናዋን ግቢ ውስጥ ገላጣ ቦታ ላይ አቆምናት። የተዘጋ ቦታ ሞተር አስነስቶ መቀመጥ በጭሱ ይገድላል። ማርሹ ፓርክ ላይ፣ እጅ ፍሬን ተይዞ።

አንደኛ፣ ሞተር ሳናስነሳ ቁልፉን ብቻ አዙረን ቴፑን ከፈትን። ፀጥ። ሞተሩን አስነሳን። «ዚይይይ»። ስለዚህ ነገሩ ከባትሪ መሙያው ጋር የተያያዘ ነው። ዋጋ፦ ዜሮ ብር።

ሁለተኛ፣ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የተሰካውን ሁሉ ነቀልን፤ የስልክ ቻርጀር፣ የመንገድ ካሜራ። ኤፍኤም ላይ የነበረ «ሽሽሽ» ወዲያው ጠፋ። ርካሽ ቻርጀር 12 ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርደው በጣም በፍጥነት እያበራ እያጠፋ ስለሆነ ሬዲዮ ላይ ይረጫል። ፉጨቱ ግን አለ። ስለዚህ የያዝነው ሁለት በሽታ ነበር፣ አንዱ ዳነ። ዋጋ፦ ዜሮ።

ሦስተኛ፣ ከኤፍኤም ወደ ብሉቱዝ፣ ከብሉቱዝ ወደ ፍላሽ ቀየርን። ፉጨቱ ያው ነው። አንቴናውም ስልኩም ነፃ ወጡ።

አራተኛ፣ ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? ድምፁን ዜሮ ስናደርገው ፉጨቱ ምንም አልቀነሰም። ድምፅ መቀነሻው ያለው ስክሪኑ ውስጥ ነው። ረብሻው ከእሱ በፊት የገባ ቢሆን ኖሮ አብሮ ይቀንስ ነበር። አለመቀነሱ የገባው ከመቀነሻው በኋላ፣ ማለትም በስክሪኑና በአምፑ መካከል ወይም አምፑ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን አባቴ ለአምስት ወር በየቀኑ ሲሞክረው ነበር፣ ማስረጃ መሆኑን ሳያውቅ።

አምስተኛ፣ ሁሉንም አጥፍተን ከአምፑ ላይ ቀይና ነጭ ጫፍ ያላቸውን የአርሲኤ ገመዶች ነቀልንና እንደገና አስነሳን። ፀጥ ረጭ! አባቴ አየኝ። እኔም አየሁት። አምፑ በራሱ ጤነኛ ነው። ከዚያ የድሮ ስልኬን፣ ቻርጅ ላይ ሳይሰካ፣ በገመድ በቀጥታ አምፑ ላይ ሰካሁት። ሙዚቃው ጥርት ብሎ መጣ፣ ፉጨት የለም። ስልኩ በራሱ ባትሪ ስለሚሠራ ከመኪናዋ ብረት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ ስለዚህ ሉፑ ተቆርጧል።

ስድስተኛ፣ እዚህ ላይ መሣሪያ አስፈለገን። ጎረቤታችን ቴሌቪዥን ጠጋኝ ናቸው፣ ቴስተራቸውን አዋሱን። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ላይ ዲሲ ለካን፣ 12.6 ቮልት። ጥሩ ነው። ሞተሩ ተነስቶ 14.1 ሆነ። ዲናሞው እየሞላ ነው። በተለምዶ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ከሆነ ደህና ነው።

ቀጥሎ ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት አዞርን። አንዳንድ ርካሽ ቴስተር ዲሲ ላይ ኤሲ ሲለካ ይሳሳታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ለኩ፣ ዜሮ ማለት አለበት። ሃያ ምናምን ካለ የተበላሸው መኪናችሁ ሳይሆን መለኪያው ነው። የጎረቤታችን ዜሮ አለ። ሞተር አስነስተን፣ ትልቁን መብራትና ማራገቢያውን አብርተን ስንለካ ከ0.05 ቮልት በታች ሆነ። ዳዮዶቹ ቢበላሹ ኖሮ ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ይወጣ ነበር። ዲናሞው በነፃ ተሰናበተ። የሁለት ሳምንት ገቢ ቤት ቀረ።

ሰባተኛ፣ የመጨረሻው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን አምፑ ማሳ ላይ አደረግን፣ ሞተሩም መብራቱም እየሠራ። ለዜሮ የቀረበ ነው፣ ደህና። ያንኑ ስክሪኑ ማሳ ላይ ስናደርግ 0.4 አለ። ሁለቱ ዕቃዎች «ዜሮ» የሚሉት ነጥብ ተለያይቷል። ሌባው ተያዘ።

ስክሪኑን አወጣነው። ጥቁሯ የማሳ ሽቦ ቀጭን ናት፣ ከሲጋራ መለኮሻው ሽቦ ጋር ተጠምዛ በአንድ ብሎን ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ታስራለች። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ የሚያሳልፈው የብሎኗ ጥርስ የቧጨራት ቦታ ብቻ ነው። እሷም ላልታለች። አባቴ ባትሪውን ከኔጌቲቩ በኩል ፈታ፣ እኔ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱን እስኪያበራ ፈተግኩት፣ ለስክሪኑ የብቻው ወፈር ያለ አጭር ሽቦ አድርገን በደንብ አጠበቅነው።

አስነሳን። አባቴ ነዳጅ ሰጠ። እንደገና ሰጠ። የሞተሩ ድምፅ ብቻ። ሬዲዮ ከፈተ። አንድ አምስት ደቂቃ ምንም ሳይናገር ሲያዳምጥ ቆየና «ቡናው ቀዘቀዘ» አለኝ።

የማይጮኸው

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀም።

አምፑ ጋ ስንሠራ አባቴ «ይሄ ቀዩ ወፍራም ሽቦ ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠየቀ። ተከተልነው። ከወንበር ሥር ወደ ፊት፣ ከዚያ ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ብረት ቀዳዳ በኩል አልፎ በቀጥታ ባትሪው ላይ። በመሃል ፊውዝ የለም። ምንም። ቀዳዳው ላይ የሚገባው የጎማ መከላከያም የለም፣ ሽቦው የተቆረጠ ብረት ጠርዝ ላይ ነው የተኛው። ላስቲኩ ተልጦ መዳቡ ሊታይ ምንም አልቀረው።

ያ መዳብ ብረቱን ቢነካ ምን ይሆናል? ብረቱ ማሳ ነው። የመኪና ባትሪ ሞተር የሚያስነሳ ኃይል በአንድ ጊዜ ያወጣል፣ ፊውዝ ከሌለ የሚያስቆመው የለም። ሽቦው እንደ ምጣድ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያ የወንበሩ ሥር ምንጣፍ ነው። አባቴ ደግሞ በቀን አሥራ አንድ ሰዓት የሚቀመጠው እዚያ ወንበር ላይ ነው።

አምስት ወር ሙሉ ያሳበደን ፉጨት ማንንም አይጎዳም ነበር። ሊጎዳ የሚችለው ነገር ድምፅም አልነበረውም። ከሦስቱ ባለሙያዎች አንዱም አላየውም፤ ምክንያቱም ኮፈን ከፍቶ ሽቦውን የተከተለ የለም። ዲናሞውን ቀይረን ቢሆን ኖሮ ፉጨቱም ይቀጥል፣ ይህም ሽቦ እዚያው ይተኛ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ሶማሌ ተራ ሄዶ ፊውዝ ከነማቀፊያው፣ የቀዳዳ ጎማና አዲስ ሽቦ ገዝቶ መጣ። ፊውዙ የሚገባው ባትሪው አጠገብ ነው፣ ከ45 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ። ምክንያቱም የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም። መጠኑም ሽቦው ከሚችለው መብለጥ የለበትም። ይህኛውን ሥራ እኛ አልነካነውም፣ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ልጅ ጠርተን አሠራነው። ለሥራው ከፈልነው፣ ሁለተኛ ደግሞ «ሌላ ምን ይታይሃል?» ብለን ለማየቱም ለብቻ ከፈልነው።

የእናንተ ውጤት ሌላ ከሆነ

አርሲኤው ሲነቀል ፉጨቱ ካልጠፋ የአምፑን ማሳ ወይም የኃይል ሽቦ ተመልከቱ። የአምፑ የማሳ ሽቦ አጭር፣ ከግማሽ ሜትር ያልበለጠ፣ ከቀዩ ሽቦ ያልቀጠነ፣ በተፋቀ ብረት ላይ የታሰረ መሆን አለበት። የወንበር ቀበቶ ብሎን ላይ አታስሩ፣ እሱ ሕይወት የሚይዝ ብሎን ነው።

የድምፅ ገመዱና የኃይል ሽቦው ጎን ለጎን ተያይዘው የሚሄዱ ከሆነ ለያዩዋቸው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። መገናኘት ካለባቸው በመስቀለኛ ይተላለፉ።

ኦክስ ሰክታችሁ ስልኩን ቻርጅ ስታደርጉ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሞክሩ። ከጠፋ ወይ ብሉቱዝ ተጠቀሙ፣ ወይ ግራውንድ ሉፕ አይዞሌተር የምትባለውን ትንሽ ዕቃ ገመዱ መሃል አስገቡ። ውስጧ ትንንሽ ትራንስፎርመር ነው ያለው፣ ድምፁን አሳልፋ የብረቱን ግንኙነት ትቆርጣለች።

«ጣ ጣ ጣ» ከሆነ ካንዴላዎቹ ሬዚስተር ያላቸው መሆናቸውን አስጠይቁ። «ሽሽሽ» ብቻ ከሆነ የአምፑን ጌይን ቀንሱ፣ የቴፑን ድምፅ ጨምሩ።

ኤሲው ከግማሽ ቮልት ካለፈ ደግሞ፣ አዎ፣ ያን ጊዜ ዲናሞው ይታይ። ፊልተር የመጨረሻው ነው። ፊልተር ምልክቱን ያፍናል እንጂ የላላውን ብሎን አያጠብቅም።

እንዳታደርጉ የምላችሁም አለ። ሞተር እየሠራ የባትሪ ራስ ነቅሎ «ዲናሞው ይሠራል አይሠራም» ብሎ መሞከር አሁንም አለ። አታስደርጉ። ባትሪው በድንገት ሲነቀል ቮልቴጁ ይተኮስና ስክሪኑንም የመኪናዋንም ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ሞተሩን አጥፍታችሁ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ዳሽቦርድ ሥር ቢጫ ሶኬት ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፣ የኤርባግ ነው። ፉጨት ለማጥፋት ብላችሁም የአምፕ ወይም የቴፕ ማሳ አትቁረጡ።

ስለ ሎሚው

በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። አሜሪካኖች ውስጧ ችግር ያለባትን መኪና «ሎሚ» ይሏታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገበያው ይበላሻል። በ2001 በዚህ ዓይነት ሥራው የኖቤል ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ተካፈለ። ዩኒቨርሲቲ ስማረው ለፈተና ነበር የሸመደድኩት። የገባኝ ግን አባቴ ወንበር ሥር በሆዴ ተኝቼ ያንን ቀይ ሽቦ ስከተል ነው።

በአንድ ነገር ግን ፍትሐዊ ልሁን። ሦስቱ ባለሙያዎች ክፉ ሰዎች አይመስሉኝም። እኛ ደንበኞቹ ለዕቃ እንከፍላለን፣ ለማሰብ አንከፍልም። አንድ ልጅ ሁለት ሰዓት ደክሞ «ብሎኗ ላልታ ነው፣ አጥብቄያታለሁ» ቢለን «ለአንዲት ብሎን ይሄን ሁሉ?» እንላለን። ዲናሞ ቢቀይር ግን ሳንከራከር እንከፍላለን። ለምርመራ የማይከፈልበት ቦታ ዲናሞ ይሸጣል። ስለዚህ ቀጥሎ ጋራዥ ስትሄዱ «ስንት ታስቀይረኛለህ?» ሳይሆን «ፈልገህ ለማግኘት ስንት ልክፈልህ?» ብላችሁ ጀምሩ። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ነፃዎቹን ሙከራዎች ራሳችሁ ጨርሱና ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ሂዱ። «ድምፁ ዜሮ ላይም አይጠፋም፣ አርሲኤ ሲነቀል ይጠፋል» ብሎ የሚናገር ደንበኛ ዲናሞ በቀላሉ አይሸጥለትም።

እህቴ ተመዝግባለች፤ በዕቁቡ ብር። አባቴ ሬዲዮውን እንደ ድሮው ከፍቶ ነው የሚሠራው። አልፎ አልፎ መብራት ላይ ሲቆም ድምፁን ዜሮ አድርጎ ጆሮውን ቀሰር አድርጎ አየዋለሁ።

«ምን እየሰማህ ነው አባዬ?»

«ምንም» ይለኛል። ከዚያ መልሶ ይከፍተዋል።